«አድሚን ስሜን ደብቅልኝ» እየተባለ ስለ ድሬ ሐኪሞች የሚጻፈው ነገር ምን እያመጣ ነው?

ካርድ_ክፍል | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም የድሬ ልጆች። እዚሁ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ብትገምቱም አላምንላችሁም። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ካርድ አወጣለሁ፣ ተራ አስይዛለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ስድብ እቀበላለሁ።

አንድ ሐኪማችን ላይ ፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ ተጻፈ። «አድሚን ስሜን ደብቅልኝ» ብሎ ይጀምራል። ልጄን በደንብ ሳያይልኝ፣ መድኃኒት እንኳ ሳያዝልኝ፣ ብሬን ተቀብሎ ሸኘኝ ትላለች። መጨረሻው «እንዳትሄዱ» ነው። ከሥሩ አስተያየቱ ጎረፈ። ግማሹ ሐኪሙን አይቶት አያውቅም። አንዱ እንዲያውም ከሌላ ሰው ጋር አምታቶት ነው የሚሳደበው። «ያ ጢማሙ» ይላል። የኛ ዶክተር ጢም የለውም።

ታካሚ ቀነሰ ወይ? ብዙም አልቀነሰም። ድሬ ላይ ምርጫው ስንት ነው? የተቀየረው ራሱ ሰውዬው ነው። ድሮ በር ላይ ወጥቶ ተራ የደረሰውን ራሱ ይጠራ ነበር። ከእናቶች ጋር ባማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ በሶማሊኛ ይጨርሳል። አሁን ቀልድ የለም። ካርዱ ላይ ግን ብዙ ይጽፋል፣ ገጹ ይሞላል። ድሮ «ምንም አያስፈልጋትም፣ ፈሳሽ በደንብ ስጧት፣ ካልተሻላት ተመለሱ» ብሎ የሚሸኛትን ልጅ ዛሬ ሽሮፕ ያዝላታል። ትንሽ ከበድ ያለውን ደግሞ ሪፈር ጽፎ ሐረር ይልካል። የደንገጎን ዳገት የሚወጣው ታካሚው ነው። የመኪናውንም የሚከፍለው እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ ላይ ከሚጻፈው ውስጥ ብዙው የሐኪሙ አይደለም። ተራ የማስይዘው እኔ ነኝ። ዋጋ የሚተምነው ባለቤቱ ነው። ውጤት የዘገየው መብራት ጠፍቶ ነው። ግን በር ላይ የተለጠፈው የሐኪሙ ስም ነው፣ የኛ አይደለም።

ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዴት ታዩታላችሁ?

የሳቢያን_እናት | ቅዳሜ፣ 2፡41

እህቴ፣ ለዶክተርሽ አዝኛለሁ። ግን ስሜን ጠቅሼ ልጻፍ? በዚህ ከተማ? የልጆች ሐኪም በጣት ነው የሚቆጠረው። ዛሬ በስሜ ብጽፍበት፣ ነገ ሌሊት ልጄ ስትተኩስ የማንን በር ልቆርቁር ነው? ሚስቱ ከእህቴ ጋር እቁብ ትጥላለች። ነርሷ ጎረቤቴ ናት። እኔ አንድ መስመር ስጽፍ ሳቢያን፣ ከዚራና መጋላ ተያይዞ ይሰማል።

«ፊት ለፊት ንገሪው» የሚል ይመጣል፣ አውቃለሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ውጭ ኮሪደሩ ሞልቶ፣ እኔ ልጅ አዝዬ «ዶክተር፣ የነገርከኝ አልገባኝም» ለማለት እንኳ ወኔ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እርግዝናዬን የምከታተልበት ቦታ የምርመራ አልጋው በሩ ፊት ለፊት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየኛል። ለሲስተሯ ነገርኳት፣ «እሺ» አለች። አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ጽፌ ከተትኩ፣ ሳጥኑን ማን እንደሚከፍተው እንጃ። በኋላ አንዷ ስሟን ደብቃ ግሩፕ ላይ ጻፈች፣ እኔም ደብቄ «እውነቷን ነው» አልኩ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ መጋረጃ ተሰቅሎ አገኘሁ። አረንጓዴ፣ እስከ መሬት የሚደርስ። በስማችን ብንጽፍ ኖሮ መጋረጃውን አናገኝም ነበር።

ሰማያዊ_ባጃጅ | ቅዳሜ፣ 2፡58

አቦ ሐኪም ሲነካ ብቻ ለምን ጫጫታ ይበዛል? እኛን ሾፌሮችን በየቀኑ ትሰድቡን የለ እንዴ፣ ማን ክር ከፈተልን?

ለማንኛውም ፌስቡክ ሳይመጣ በፊትም ይሄ ነገር ነበር። ለገሃሬ ላይ የታመመ ሰው ስጭን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ክሊኒክ ይሻላል?» ነው። እኔ ምኔ ሐኪም ነው? ግን እመልሳለሁ። ያኛው ይቆጣል፣ ያኛው ያስጠብቃል፣ ያኛው እጁ ጥሩ ነው እላለሁ። ከሰዓት በርጫ ላይም ወሬው ይሄው ነው። ልዩነቱ እኔ ያልኩት እዚያው ባጃጁ ውስጥ ይቀራል፣ የተጻፈው ግን አይጠፋም። ከሁለት ዓመት በኋላም ስሙን ስትፈልግ እሱ ይመጣልሃል።

ዋይዳል_ሰልችቶኛል | ቅዳሜ፣ 3፡20

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ካርድ ክፍል ያለችው ነገር ትክክል ነው፣ እኔ ግን ከባሰው ጎን ልጨምርበት።

ድሬ ሞቃት ነው፣ ውሃ በበርሜልና በሮቶ እናጠራቅማለን፣ ቀን ቀን የምትናከሰዋ ትንኝ ደግሞ እዚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2006 መጀመሪያ ደንጊ መጣ። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለው፣ ያልታመመበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለቱም ቫይረስ ናቸው። አንቲባዮቲክ አይነካቸውም።

እንግዲህ ሰውዬው ይመጣል። ይተኩሳል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይቆረጥመዋል። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ግሉኮስ ይሰቀልልኝ፣ ዲክሎ (የሕመም ማስታገሻ መርፌ) ልወጋ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ይታይልኝ። ጎበዝ ሐኪም ሦስቱንም ሊከለክለው ይችላል። ደንጊ ከተጠረጠረ ዲክሎ መስጠት የመድማትን አደጋ ይጨምራል፣ ለትኩሳቱም ለሕመሙም ፓራሲታሞል ነው የሚመከረው። መጠጣት ለሚችል ሰው ግሉኮስ መስቀል ትርጉም የለውም። ዋይዳል፣ ማለትም ታይፎይድ የሚታይበት የደም ምርመራ፣ ደግሞ ድሮ በያዘህ ወይም በሌላ ነገርም «አለ» ሊል የሚችል ምርመራ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ታይፎይድ ነው ለማለት አይበቃም።

ስለዚህ ሐኪሙ ፓራሲታሞል ጽፎ፣ «ፈሳሽ ውሰድ፣ ድድህ ከደማ ወይም ሆድህን አጥብቆ ካመመህ ሳትውል ሳታድር ተመለስ» ብሎ ይሸኘዋል። በትክክል አክሞታል። ማታ ምን ይጻፋል? «ለፓራሲታሞል ይሄን ሁሉ ብር አስከፈለኝ።» ቀጥሎ የሚሄድበት ቦታ ሦስቱንም ያገኛል፣ በአራተኛው ቀን ራሱ በሽታው ይለቀዋል፣ «አላህ ይስጠው፣ ያዳነኝ እሱ ነው» ብሎ አምስት ኮከብ ይሰጣል።

ወላሂ ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት።

የሳቢያን_እናት | ቅዳሜ፣ 3፡27

ይሄ ገባኝ። ግን ወንድሜ፣ አንተ አሁን ለኛ ያስረዳኸውን ያህል ሐኪሙ ለሰውዬው ቢያስረዳው ያ ሰው ይጽፍ ነበር?

ዋይዳል_ሰልችቶኛል | ቅዳሜ፣ 3፡31

ልክ ነሽ፣ ብዙ ጊዜ አይጽፍም ነበር። ለማስረዳት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኮሪደሩን ደግሞ ራስሽ ገልጸሽዋል።

አወያይ | ቅዳሜ፣ 3፡50

አንድ መልስ አጥፍቻለሁ። የሐኪም ስም፣ ክሊኒክና የቤት ሰፈር ሳይቀር ተጽፎበት ነበር። በዚህ ክር ስም አይጠራም። ለምስጋናም ቢሆን።

ኮሎኝ_ያለሁ | ቅዳሜ፣ 4፡12

የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ጀርመን ነው ያለሁት። እዚህ ይሄ ጉዳይ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈጭቷል። ያሜዳ የሚባል ሐኪም መገምገሚያ ድረ ገጽ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በ2014 አንድ ሐኪም ስሙን ሳይጠቅስ የጻፈበትን ሰው ማንነት ስጡኝ ብሎ ከሰሰ። የተጻፈበት ነገር ያስቃል ደግሞ። የታካሚ ካርዶች በልብስ ቅርጫት ነው የሚቀመጡት ተብሎበት ነበር። ውሸት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ድረ ገጹ ውሸቱን ያጥፋ እንጂ የጸሐፊውን ስም ለሐኪሙ አይሰጥም አለ።

በ2016 ደግሞ አንድ የጥርስ ሐኪም «ይሄ ሰው እኔ ጋ ታክሞ አያውቅም» አለ። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ አደላ። ሐኪም እንዲህ ብሎ አቤት ካለ ድረ ገጹ ዝም ማለት አይችልም፣ ጸሐፊውን ማስረጃ መጠየቅ አለበት። የቀጠሮ ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሆነ ነገር። ስሙ ተደብቆ ይቆያል፣ መታከሙ ግን ይረጋገጣል።

በ2018 እዚሁ ኮሎኝ ያለች የቆዳ ሐኪም ገጼን አጥፉልኝ ብላ ረታች። ምክንያቱም ድረ ገጹ ገንዘብ በማይከፍሉ ሐኪሞች ገጽ ላይ የከፋዮቹን ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ዳኛ ነኝ እያልክ ከአንዱ ተጫዋች ብር መቀበል አይሆንም ነው ነገሩ።

እኔ የሁለተኛው ፍርድ አድናቂ ነኝ። እዚያ የናንተ አድሚን ደረሰኝ ይጠይቃል?

ካርድ_ክፍል | ቅዳሜ፣ 4፡20

ደረሰኝ? አድሚኑ ስንት ሰው ላይክ እንዳደረገው ነው የሚያየው።

(የልብስ ቅርጫቱ ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ የኛ መደርደሪያ ሞልቷል።)

አንቀጽ_በአንቀጽ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡05

የሕግ ሰው ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ በውስጥ መስመር «መክሰስ ይቻላል ወይ?» እያላችሁ ስለጻፋችሁልኝ እዚህ ልመልስ።

ስም ማጥፋት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ላይ አለ። ሐሰት መሆኑን እያወቀ ስም ያጠፋ ሰው ጉዳዩ ይከብድበታል። በኮምፒውተር የሚፈጸመውን ደግሞ የ2008ቱ አዋጅ 958 ይነካዋል። ስለዚህ ስም መደበቅ ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ግን «ሰላምታ አልሰጠኝም»፣ «ብዙ አስጠበቀኝ» የሚል ሰው ላይ ፍርድ ቤት መሮጥ ለሐኪሙም አይበጅም። ችሎት ቆሞ ሰላምታ መስጠቱን ሊያስረዳ ነው?

አብዛኛው ሰው የማያስተውለው ሌላ አንቀጽ አለ። 399። ሐኪም በሥራው ያወቀውን ምስጢር ማውጣት ወንጀል ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321ም የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን ነው የመደበው። ታካሚ ስለ ሐኪሙ የፈለገውን ይጽፋል፣ ሐኪሙ ግን «እሷ እኮ የመጣችው እንዲህ ሆና ነው» ብሎ መመለስ አይችልም። «አዎ፣ እኔ ጋ ታክማለች» ማለት ራሱ ያስጠይቀዋል።

በሕክምና ስህተት ለተጎዳ ሰው ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ አቤቱታ እዚያ ይቀርባል። ካርድ ተመርምሮ፣ ባለሙያ ተጠርቶ ነው የሚወሰነው። ልጄ ተጎዳችብኝ የሚል ሰው ፌስቡክ ላይ ጽፎ ሲያበቃ ነገሩን ከተወው ራሱን ነው የሚጎዳው።

መጋላ_ነጋዴ | እሑድ፣ 3፡40

ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ሰው ይሞታል።

አንቀጽ_በአንቀጽ | እሑድ፣ 3፡44

መዘግየቱን አልክድም። ፌስቡክ ግን ካሳ አይከፍልህም።

የቀበሌው_ጋውን | እሑድ፣ 5፡30

ሐኪም ነኝ። ድሬ ተወልጄ አሁን ሐረር ነው የምሠራው። ስሜን ደብቄ ነው የምጽፈው፣ አትሳቁ።

ከጽሑፉ በላይ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ ነው። ትገባለህ፣ ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። የጻፈችው ከነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ያቺ ፊቷን ያዞረችው ትሆን? ያ ስልኩን ወደ እኔ ያዘነበለው እየቀረጸኝ ይሆን? ሳታስበው ከማታውቃት ታካሚ ጋር ቃል ቆጥበህ ትነጋገራለህ። እሷ ምንም አላደረገችህም። የጻፈችው ሌላ ናት፣ ምናልባትም ዳግም አትመጣም። ስም ያለው ቅሬታ ከአንድ ሰው ጋር ያነጋግርሃል፣ ስም የሌለው ግን ኮሪደሩን በሙሉ ያስጠረጥርሃል። ካርድ ክፍል ያለችው እህቴ ሐኪሟ መቀለድ አቆመ ያለችው እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ነው።

ዋይዳል ያለው ወንድማችን የነገራችሁ ከድሬ አልፎ ሌላም አገር ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በጉንፋንና በመሰለው ሕመም በቪዲዮ ከሐኪም ጋር የተደረጉ ከ8,000 በላይ ምክክሮች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ወጥቷል። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸው 91 በመቶ ያህሉ አምስት ኮከብ ሰጡ። ምንም ካልታዘዘላቸው 73 በመቶ ያህሉ። ጉንፋን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ሎስ አንጀለስ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታልም የ78 ስፔሻሊስቶችን የኢንተርኔት ነጥብ ሆስፒታሉ ራሱ ከሚይዘው የጥራት መለኪያና ከባልደረቦቻቸው ግምገማ ጋር አስተያዩት። አልገጣጠም አለ። ኮከቡ ሐኪሙ ሰው አክባሪ መሆኑን ሊነግርህ ይችላል። በሽታህን ማወቁን ግን አይነግርህም።

እንዲህ ስል ሁሉም ይጥፋ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ «እኔ እያወራሁ እሱ ስልኩን ይነካካል» ተብሎ ተጻፈብኝ። የመድኃኒት መጠን እያየሁ ነበር፣ ግን ያቺ ሴት ይሄን በምን ታውቃለች? አሁን ስልኩን ከማንሳቴ በፊት «መጠኑን ልይልሽ» እላለሁ። እንዲህ ያለውን ጻፉብኝ። ሳቢያን ያለሽው እናት የመጋረጃውንም ጻፊ፣ ደግ አድርገሻል። የተቆጣውን፣ ያስጠበቀውን፣ ያላስረዳውን፣ ያላከበረሽን ጻፊበት። «ገደለ»፣ «አያውቅም»፣ «የተሳሳተ መድኃኒት ሰጠ» የሚለውን ግን ካርዱን ሳያይ ማንም መፍረድ አይችልም፣ እኔም ባልደረባዬ ላይ አልችልም።

የሳቢያን_እናት | እሑድ፣ 5፡52

ዶክተር፣ አክብረው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እናንተስ ሻይ ላይ ስለኛ አታወሩም? «ያቺ ነዝናዛ መጣች» አትባባሉም?

የቀበሌው_ጋውን | እሑድ፣ 6፡01

እንባባላለን። ግን አንለጥፈውም።

ሰማያዊ_ባጃጅ | እሑድ፣ 6፡10

ሃሃሃ ዶክተር ተያዘ። አንተ ግን ሰው ነህ፣ ድሬ ተመለስ።

ኮሎኝ_ያለሁ | እሑድ፣ ከሰዓት 9፡25

ሐኪሙ ሌላው ሐኪም ላይ ሲያስጽፍስ? እዚህ ነጥብ የሚገዙ ተይዘዋል። ተፎካካሪን ለማጥቆር የሚጽፉም አሉ። እዚያ እንዲህ ያለ የለም?

ካርድ_ክፍል | እሑድ፣ 11፡40

አለ ብዬ ስም ማጥፋት ውስጥ አልገባም፣ አንቀጽ በአንቀጽ እያየኝ ነው። ግን የሚመስል ነገር ይገጥመኛል። አንድ ምሽት ላይ ተከታትለው የሚመጡ ምስጋናዎች አሉ፣ ሁሉም «ፈገግታቸው ራሱ ፈውስ ነው» ይላሉ። ታካሚ እንዲህ አይጽፍም። ታካሚ «ትንሽ ያስጠብቃሉ ግን ጎበዝ ናቸው፣ ቡና ያለበት ቤት አጠገብ ነው» ነው የሚለው። ባየሁት ልክ ሐሰተኛ ምስጋና ከሐሰተኛ ስድብ ይበዛል። ስድቡን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ እውነተኛ የተናደደ ሰው ነው፣ የተናደደበት ነገር ግን ሌላ ነው።

የተናገራችሁትን ሁሉ አንብቤ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ወረቀት በር ላይ እንለጥፍ፣ የምርመራው ዋጋና የሚያስጠብቀው ሰዓት አስቀድሞ ይጻፍ፣ ቅሬታ ያለው ደግሞ ሐኪሙ ጋ ሳይሆን መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ ብዬ። «ስድቡን ሁሉ አንቺ ልትሰሚ ነው?» አለኝ። አሁንስ ማን እየሰማው መሰለው? ወረቀቱን ግን ፈቅዷል። ማክሰኞ አሳትሜ አመጣለሁ።

ጠጠር_ያስቸገረው | እሑድ፣ ማታ 1፡05

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። የኩላሊት ጠጠር አለብኝ፣ ይሄ የድሬ ውሃ ጨርሶኛል። ጥሩ ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ የማይቆጣ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አወያይ | እሑድ፣ 1፡08

ስም አይጠራም ብያለሁ።

ሰማያዊ_ባጃጅ | እሑድ፣ 1፡09

በውስጥ መስመር ላክሁልህ ወንድሜ። እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ይቆጣል።

ጠጠር_ያስቸገረው | እሑድ፣ 1፡14

እሱን ነው እንዴ? እሱማ ትናንት ግሩፕ ላይ ተጽፎበት አየሁ። ጢማሙ አይደል?

ካርድ_ክፍል | እሑድ፣ 1፡15

ጢም የለውም!!